ባሕርም አማና ነው፦ የባሕርና የባሕር ዳርቻ ሀብት አያያዝ በኢስላም እይታ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ኢስላም ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ምን ይላል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙዎቻችን ችግኝ መትከልን፣ ውዱእ ስናደርግ ውኃ አለማባከንንና እንስሳን አለማሠቃየትን እናነሳለን። ሁሉም ተገቢ ናቸው። ባሕር ግን እምብዛም አይነሳም። የባሕር በር በሌለው አገር ያደግን ስለሆንን ጉዳዩ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለናል። ነገር ግን መካ ላይ መከራ የበዛባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሙሃጂሮች ወደ ሀበሻ ያሻገራቸው ቀይ ባሕር ነው። ዛሬም ወደ አገራችን የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በባሕር ተጉዞ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በጂዳ፣ በዱባይ፣ በማስከትና በጅቡቲ የሚኖሩ ወንድምና እህቶቻችንም ቀን በቀን ባሕሩን እያዩ ነው የሚውሉት።

በዚህ ጽሑፍ የባሕር ዳርቻ ሀብት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚጎዳ፣ ሸሪዓችን ስለ አያያዙ ምን መሠረት እንዳስቀመጠ፣ ሙስሊም ማኅበረሰቦችም ይህን በተግባር እንዴት እንደሞከሩት እንመለከታለን። በተለይ በዛንዚባር የሚሳሊ ደሴት አጥማጆች ተሞክሮ ላይ እንቆያለን። በመጨረሻም ወደራሳችን ሐይቆች እንመለሳለን።

የባሕር ዳርቻ ሀብት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በሞቃታማ ባሕሮች ዳርቻ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይኖራሉ፤ ማንግሮቭ፣ የባሕር ሣርና ኮራል።

ማንግሮቭ በጨዋማ ውኃ ውስጥ መብቀል የሚችል ዛፍ ነው። ሥሮቹ በጭቃው ውስጥ ተጠላልፈው ስለሚቆሙ የማዕበሉን ኃይል ያበርዳሉ። በሥሮቹ መካከልም ጫጩት ዓሦችና ሽሪምፕ ከትላልቅ ዓሦች ተሸሽገው ያድጋሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ «ቁርም» በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። የባሕር ሣር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እንደ መስክ የተዘረጋ ሣር ሲሆን የባሕር ኤሊና ብዙ ዓይነት ዓሣ ይመገበዋል። ኮራል ደግሞ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት በጋራ እየኖሩ ከኖራ የሚሠሩት ቤት ነው። አንዳንዱ የኮራል ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቁመት ያህል የደረሰ ኮራል ከአያቶቻችን ዘመን በፊት መሠራት የጀመረ ነው ማለት ነው።

ሦስቱ ይደጋገፋሉ። ኮራሉ ማዕበሉን ሲሰብር ሣሩና ማንግሮቩ ይረጋጋሉ። ማንግሮቩ ከየብስ የሚመጣውን ደለል ሲያስቀር ለኮራሉ ውኃው ይጠራለታል። አንዱ ሲጠፋ ሌሎቹም ይዳከማሉ፤ አጥማጁም መረቡን ባዶውን ይስባል።

ጉዳቱ በብዙ መንገድ ይመጣል። ዓሣው ከሚራባው በላይ ይጠመዳል። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ያልደረሰውን ጫጩት ጠራርጎ ያወጣል። ማንግሮቭ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይቆረጣል። ከከተማ ፍሳሽና ፕላስቲክ ይወርዳል። የባሕሩ ሙቀትም ይጨምራል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በዓለም ላይ ከሚከታተላቸው የባሕር ዓሣ ክምችቶች ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን መተካት ከሚችሉበት መጠን በላይ እንደሚጠመዱ ይገልጻል።

ከሁሉም የከፋው በድማሚት ማጥመድ ነው። አጥማጁ ድማሚቱን ወርውሮ በአንድ ጊዜ ብዙ ዓሣ ይገድላል። ከሞተው ውስጥ ወደ ላይ ተንሳፎ የሚሰበሰበው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ወደ ታች ይሰምጣል። ለብዙ ትውልድ የተሠራው ኮራልም በቅጽበት ወደ ፍርስራሽ ይለወጣል። ፍርስራሹ ከማዕበሉ ጋር ስለሚንከባለል አዲስ ኮራል ተጣብቆ ለማደግ ቦታ ያጣል። በአገራችንም የብርብራ ፍሬ ቀጥቅጦ ወንዝ ውስጥ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ በአንዳንድ አካባቢ ይታወቃል። ዘዴው ቢለያይም ሁለቱም ለዛሬ ድስት ሲባል የነገውን ዘር የሚያጠፉ ናቸው።

የሸሪዓው መሠረቶች

እ.ኤ.አ. በ1983 የሳዑዲ አረቢያ የሜትሮሎጂና የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ከዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጋር በመሆን ኢስላም ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ያለውን መርሕ የሚያብራራ ሰነድ አሳትሞ ነበር። በ2024 ደግሞ «አል-ሚዛን» የተሰኘው የሙስሊም ምሁራን ሰነድ በናይሮቢ ይፋ ሆኗል። መሠረቶቹ ግን ከእነዚህ ሰነዶች እጅግ ይቀድማሉ። ዋና ዋናዎቹን እንጥቀስ።

*አንደኛ፣ ባሕር ጸጋ ነው፤ ባለቤቱም አላህ ነው።* በሱረቱ ነሕል (16፡14) አላህ ባሕርን ለሰው ልጅ ያገራው ትኩስ ሥጋ እንዲበላበት፣ ጌጥ እንዲያወጣበትና መርከብ እንዲጓዝበት እንደሆነ ይነግረናል። በሱረቱል ማኢዳህ (5፡96) የባሕር አደን ተፈቅዷል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ባሕር ተጠይቀው ውኃው ንጹሕ፣ በውስጡ የሞተውም የተፈቀደ መሆኑን መልሰዋል። ስለዚህ ኢስላም ከባሕር አትብሉ አላለም። ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ ነው ሲባል ግን በሰው ንብረት ላይ የተሾመ ጠባቂ እንደማለት ነው። ጠባቂ ይጠቀማል፣ አያወድምም፤ ሒሳብም ይጠየቃል።

*ሁለተኛ፣ ሚዛንና ኢስራፍ።* በሱረቱ ረሕማን (55፡7-9) አላህ ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን እንዳስቀመጠና በሚዛኑ ላይ ወሰን እንዳናልፍ ተነግሮናል። በሱረቱል አዕራፍ (7፡31) ብሉ ጠጡ የሚለው ፈቃድና አታባክኑ የሚለው ክልከላ በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን መጥተዋል። ባሕር ውስጥ ሚዛን ማለት የሚወጣው ከሚተካው እንዳይበልጥ ማድረግ ነው።

*ሦስተኛ፣ ፈሳድ።* በሱረቱ ሩም (30፡41) በየብስም በባሕርም ብልሽት የተገለጠው የሰዎች እጆች በሠሩት ሥራ መሆኑ፣ የሥራቸውን ከፊል እንዲቀምሱና እንዲመለሱም እንደሆነ ተነግሯል። የቀደሙ ሙፈሲሮች ይህንን አንቀጽ ከድርቅ፣ ከበረከት መጥፋትና ከኃጢአት መስፋፋት ጋር አያይዘው ገልጸውታል። ባሕር በስሙ ተጠርቶ መነሳቱን፣ አንቀጹም የሚያበቃው በመመለስ ተስፋ መሆኑን ልብ እንበል።

*አራተኛ፣ መጉዳትም በጉዳት መበቃቀልም የለም።* ኢብኑ ማጀህና ሌሎች የዘገቡት ይህ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ንግግር ከፊቅህ ታላላቅ መርሖች አንዱ ሆኗል። ፉቀሃዎች ከዚህ በመነሳት ጉዳት ከመድረሱ በፊት እንዲከለከል፣ ከደረሰም እንዲወገድ፣ የብዙኃንን ጉዳት ለመከላከል ሲባልም የግለሰብ ጥቅም ሊገደብ እንደሚችል አስረድተዋል።

*አምስተኛ፣ የጋራ ሀብት።* አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሙስሊሞች በሦስት ነገሮች ተጋሪ ናቸው፤ በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት። የባሕር ዓሣም ሳይጠመድ በፊት የማንም የግል ንብረት አይደለም። ነገር ግን የጋራ የሆነ ነገር የመጥፋት አደጋው ከባድ ነው። እያንዳንዱ አጥማጅ «እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል» ይላል። አነጋገሩ ለብቻው ሲታይ ስህተት አይመስልም፤ ሁሉም ሲለው ግን ባሕሩ ባዶ ይሆናል።

ለዚህ ችግር ከቡኻሪ የመርከቡ ሐዲስ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በአንድ መርከብ ላይ ከላይና ከታች የተሳፈሩ ሰዎች አሉ። ከታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ መውጣት ሌሎቹን እንዳያስቸግር ብለው በድርሻቸው በኩል ቀዳዳ ሊበሱ ያስባሉ። የላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ቀዳዳውን ሊበሱ ያሰቡት ክፉ ሰዎች እንዳልሆኑ ልብ በሉ። የፈለጉት ውኃ ነበር፤ ሐሳባቸውም ሌላውን ላለማስቸገር ነበር። ሆኖም መልካም ሐሳብ መርከቡን ከመስጠም አያድነውም።

*ስድስተኛ፣ የባሕር ዳሯ ከተማ ሰዎች።* በሱረቱል አዕራፍ (7፡163-166) በባሕር አጠገብ ስለነበረች ከተማ ተነግሯል። ነዋሪዎቿ በሰንበት ቀን ዓሣ እንዳያጠምዱ ታዘዙ። ዓሦቹ ደግሞ በዚያው ቀን ከውኃው በላይ ታይተው ይመጡ፣ በሌላው ቀን ይርቁ ነበር። ሙፈሲሮች እንደገለጹት አንዳንዶቹ ከሰንበት በፊት መረብ ዘርግተው ከሰንበት በኋላ የተያዘውን ይሰበስቡ ነበር። የሰንበቱ ክልከላ ዓላማ ዓሣን ማብዛት ነበር ማለታችን አይደለም፤ የታዛዥነት ፈተና ነበር። ነገር ግን ታሪኩ ባሕርን ለሚያስተዳድር ሁሉ ሁለት ትምህርት አለው። አንደኛው፣ ክልከላ የሚፈተነው ሲሳዩ ዓይናችን ሥር ሲመላለስ ነው። ሁለተኛው፣ በቃሉ ጠብቆ በተንኮል ማፍረስም ማፍረስ ነው። በከተማዋ ሦስት ወገኖች እንደነበሩም አንርሳ፤ የጣሱ፣ የመከሩና «ለምን ትመክሯቸዋላችሁ» ያሉ።

ሒማ፦ ጥንታዊው የጥበቃ ክልል

ሒማ ማለት ለጋራ ጥቅም ተብሎ የሚጠበቅ ክልል ነው። ከኢስላም በፊት የአረብ ኃያላን ጥሩ ግጦሽ ሲያገኙ ለራሳቸው መንጋ ብቻ ይከልሉት ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ሽረው ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው ካልሆነ በስተቀር እንደሌለ ተናገሩ። ዑለማዎች ይህንን ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ ለግለሰብ አይከለልም ብለው ተረድተውታል። እርሳቸው ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙጃሂዶች ፈረሶች ከለሉ። ዑመር (ረ.ዐ)ም ሸረፍንና ረበዛን ከለሉ።

ቡኻሪ ዑመር (ረ.ዐ) ሁነይ ለተባለው የሒማ ጠባቂ የሰጡትን ትእዛዝ ዘግበዋል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው አስገባ፤ የዑስማን ኢብኑ ዐፋንንና የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን መንጋ ግን አታስገባ የሚል ይዘት አለው። ምክንያቱንም ገለጹ። የእነዚህ ሁለቱ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ ድኻው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ «አሚረል ሙእሚኒን ሆይ!» እያለ ይመጣል። የተከለከሉት ሁለቱ ጀነት የተበሰረላቸው ታላላቅ ሰሓቦች ነበሩ።

ይህ ዘገባ ለዛሬው ባሕር በጣም ያስፈልጋል። በብዙ አገር የባሕር ክልል ሲከለል መጀመሪያ የሚባረረው በታንኳ የሚያጠምደው ድኻ ነው። ትላልቅ መርከቦች ራቅ ብለው ይቀጥላሉ፤ ባለሀብቱም ዳርቻው ላይ ሆቴል ይሠራል። በዑመር (ረ.ዐ) ሚዛን ግን የጥበቃ ክልል ሲበጅ የሚጠየቀው ጥያቄ «ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ማን ነው?» የሚለው ነው። ቦታው ለእርሱ ይቀርባል፤ ገደቡ ለባለጸጋው ይጠብቃል።

የሚሳሊ ደሴት ተሞክሮ

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ሲሆን ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። ከሁለቱ ዋና ደሴቶች አንዷ ፔምባ ናት። ከፔምባ በስተ ምዕራብ፣ ከቻኬ ቻኬ ከተማ ትይዩ፣ ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች ሚሳሊ የተባለች ትንሽ ደሴት አለች። ቋሚ ነዋሪ የላትም። አጥማጆች ግን ከፔምባ መንደሮች እየመጡ ለቀናት ይሰፍሩባታል። ዙሪያዋ በኮራል የተከበበ ነው፤ ከሦስት መቶ በላይ የዓሣ ዓይነቶች ይገኙበታል። የባሕር ኤሊዎችም በአሸዋዋ ላይ እንቁላል ይጥላሉ።

ስለ ስሟ በአካባቢው የሚነገር ወግ አለ። ኸዲር (ዐ.ሰ) ወደዚያ መጥተው ለመስገድ ምንጣፍ ጠየቁ፤ አጥማጆቹ ምንም አልነበራቸውም። እርሳቸውም ደሴቲቱ ራሷ መስገጃዬ ትሆናለች አሉ ይባላል። በስዋሂሊ ምሳላ ማለት የመስገጃ ምንጣፍ ነው። ይህ የሕዝብ ወግ ነው እንጂ ማስረጃ የሚቆምበት ዘገባ አይደለም። ነገር ግን የአካባቢው ሰው ለቦታዋ ያለውን አክብሮት ያሳያል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደሴቲቱን ለቱሪስት መዝናኛ ለባለሀብት የመስጠት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አጥማጆቹ ተቃወሙ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1998 ደሴቲቱና በዙሪያዋ ያለው ባሕር፣ በድምሩ 22 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የጥበቃ ክልል ተብሎ ታወጀ። ከዚህ ውስጥ ፈጽሞ የማይጠመድበት ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። በቀረው ሰፊ ክፍል በተፈቀደ መሣሪያ ማጥመድ ይቻላል። ከፔምባ መንደሮች የተውጣጡ አጥማጆች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በአስተዳደሩ ተሳተፉ። ኬር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅትም ሥራውን ደገፈ።

ሕጉ ወጣ፤ ድማሚቱ ግን ወዲያው አልቆመም። ሰፊ ባሕርን በጥቂት ጀልባ መጠበቅ አይቻልም። በራሪ ወረቀትና ስብሰባም ብዙ ለውጥ አላመጣም። በዚህ ጊዜ ፋዝሉን ኻሊድ የመሠረቱት፣ መቀመጫው በእንግሊዝ በርሚንግሃም የሆነ ኢስላማዊ የሥነ ምህዳርና የአካባቢ ሳይንስ ፋውንዴሽን ተጋበዘ። እ.ኤ.አ. በ1999 አጥማጆች፣ የመድረሳ መምህራንና የመንግሥት ሰዎች በአንድ ላይ ተቀምጠው ባሕርን ከቁርኣን አንጻር የሚመለከቱበት ሥልጠና ተካሄደ። ኸሊፋነት፣ ሚዛን፣ ፈሳድ፣ ኢስራፍ የሚሉት ከላይ ያየናቸው ነጥቦች ነበሩ ውይይቱ። ኢማሞች ለኹጥባ፣ መምህራን ለትምህርት ተጠቀሙባቸው። በኋላም ለመምህራን መመሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ።

ከዚያ በኋላ አንድ አጥማጅ የተናገረው በብዙ ቦታ ይጠቀሳል። ሐሳቡ የመንግሥትን ሕግ ችላ ማለት ቀላል ነው፣ የአላህን ሕግ ግን የሚጥስ የለም የሚል ነው። ይህንን ሰው ልብ እንበለው። ድማሚት ኮራልን እንደሚያፈርስ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ባሕሩ ውስጥ ያደገ ነውና። የተጨመረለት ዕውቀት ሳይሆን ተጠያቂነት ነው። የጥበቃ ጀልባዋ በማትኖርበት ሌሊትም የሚያየው እንዳለ አስታወሰ።

ምን ሠራ? ምንስ ቀረው?

ሚሳሊን ስናደንቅ ሚዛናችንን መጠበቅ አለብን። ከተሞክሮው ሦስት ነገር እንማራለን።

የመጀመሪያው፣ ሃይማኖታዊ ትምህርቱ የሠራው ከሌሎች ነገሮች ጋር ተጣምሮ ነው። አጥማጆቹ በአስተዳደሩ ድርሻ ነበራቸው፤ አብዛኛው ባሕር ክፍት ነበር፤ ክልሉም ከእነርሱ ተነጥቆ ለሆቴል አልተሰጠም። የሚበላው ላጣ ሰው ስለ ሚዛን ብቻ መስበክ ሸክምን በአንድ ወገን መጫን ነው። ድኻውን ስለ መረቡ የሚመክር ኢማም ባለሀብቱንም ስለ መርከቡ ሊመክር ይገባል።

ሁለተኛው፣ ትምህርት መታደስ ይፈልጋል። የውጭ ድጋፍ በፕሮጀክት ዘመን ይመጣል፣ በፕሮጀክት ዘመን ይሄዳል። መድረሳና መስጊድ ግን ይቀራሉ። ትምህርቱ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ካልገባ አዲሱ ትውልድ አጥማጅ ሳይሰማው ያድጋል። የባለሥልጣኑ ቁጥጥርም ያስፈልጋል። በኢስላም ታሪክ ሙሕተሲብ የሚባለው የገበያ ተቆጣጣሪ የተሾመው ምእመናን ሁሉ አላህን ስለማይፈሩ ሳይሆን፣ ጥቂቶች ሲጥሱ የብዙኃኑ መብት ስለሚጠፋ ነው። ዛንዚባርም እ.ኤ.አ. በ2005 ሚሳሊን ያቀፈ ሰፊ የፔምባ ሰርጥ የጥበቃ ክልል መሥርታለች።

ሦስተኛው፣ ከአጥማጁ እጅ ውጭ የሆነ ጉዳት አለ። ሚሳሊ በታወጀችበት በዚያው በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ባልተለመደ ሁኔታ ሞቆ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞቷል። ድማሚት ያልነካው ኮራልም ከዚህ አላመለጠም። ዓለምን የሚያሞቀው ጭስ ከፔምባ ታንኳዎች አልወጣም። የመርከቡ ሐዲስ እዚህ ላይ ይሰፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ቀዳዳውን የሚበሱት የላይኞቹ ናቸው።

በቀይ ባሕር፦ የሕርጊጎ ማንግሮቭ

ከእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነ ሌላ ምሳሌ በኤርትራ አለ። ከምፅዋ በስተ ደቡብ ሕርጊጎ የተባለ የሙስሊሞች መንደር ይገኛል። አካባቢው በረሃ ነው፤ ዝናብ እምብዛም የለም፤ ለፍየልና ለበግ መኖ ማግኘት ከባድ ነው። ጎርደን ሳቶ የተባሉ ጃፓናዊ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በዚያ ዳርቻ አንድ ነገር አስተዋሉ። ማንግሮቭ የሚበቅለው ዝናብ ሲጥል ከየብስ ጎርፍ ወደ ባሕር በሚወርድበት ቦታ ብቻ ነበር።

ብዙዎች ምክንያቱ ጨው የሌለው ውኃ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እርሳቸው ግን ጎርፉ የሚያመጣው ንጥረ ነገር ነው አሉ፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት። ስለዚህ ማዳበሪያውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ከረጢቱን በጥቂቱ በስተው፣ ከችግኙ አጠገብ ቀበሩት። ይህም ማዳበሪያው ወደ ባሕሩ በአንዴ እንዳይፈስ፣ ቀስ እያለ እንዲወጣ ያደርጋል። የመንደሩ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በመትከሉ ሥራ ተሠማሩ። በዓመታት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዛፍ ባዶ በነበረው ዳርቻ ላይ ቆመ። ቅጠሉና ፍሬው ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ፤ ብቻውን የተሟላ መኖ ስላልሆነ ሌላ ይጨመርበታል። በሥሮቹ መካከልም ዓሣና ሸርጣን መጣ። ሳቶ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 የሮሌክስ ሽልማትን፣ በ2005 ደግሞ ብሉ ፕላኔት የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል።

ሚሳሊ ያለውን መጠበቅ ሲያሳየን ሕርጊጎ የሌለውን ማልማት ያሳየናል። ፊቅሃችን ለሁለቱም ስም አለው። የመጀመሪያው ሒማ ነው፤ ሁለተኛው ባድማ መሬትን ሕያው ማድረግ፣ ኢሕያኡል መዋት ነው። ሙስሊም ተክሎ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ባሕር ዳር የተተከለውም ከዚህ አይወጣም።

እኛስ? የአገራችን ሐይቆች

በማስተማር ሥራ ላይ ሳለን ስለ ባሕር ባነሳን ቁጥር ተማሪዎች «ባሕር የለንም እኮ!» ይሉን ነበር። እውነት ነው፤ ሐይቅ ግን አለን። ሕጉም አንድ ነው።

ሐረማያ ሐይቅን እናስብ። የሐረርና የአካባቢው ከተሞች ውኃ የሚጠጡበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት፣ በዳርቻውም ጫትና አትክልት የሚለማበት ሐይቅ ነበር። ከተሞቹ እየሰፉ ብዙ ውኃ ተሳበ። ገበሬውም በየማሳው ፓምፕ ተከለ። የተራቆቱት ኮረብቶች አፈራቸውን በጎርፍ እየሰደዱ ሐይቁን ሞሉት። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዓመታት ሐይቁ ደረቀ፤ ታንኳ የሚቀዝፍበት ቦታ ከብት መዋያ ሆነ። ከአሥር ዓመታት በላይ ቆይቶ ውኃ ተመልሶ መታየቱ የአላህ እዝነት ነው። ይሁንና ፓምፑም፣ የተራቆተው ኮረብታም አሁንም አሉ። አንድ ፓምፕ ሐይቅ አያደርቅም፤ ሁሉም ግን «የእኔ አንድ ብቻ ናት» ብሎ ነበር። የመርከቡ ሐዲስ ከሐረማያ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሌሎቹም ሐይቆቻችን ተመሳሳይ ነገር እናያለን። አብያታ ከፍተኛ ውኃ ስለተሳበበት ክፉኛ ሸሽቷል። ጣና ላይ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እምቦጭ ተንሰራፍቷል። ዓይኑ ጠባብ መረብ ቆሮሶውን ሳያድግ ያወጣዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህንን ለመቆጣጠር ነው። አዋጅ ግን፣ ሚሳሊ እንዳስተማረን፣ ልብ ውስጥ ካልገባ ሌሊት አይሠራም።

ምን እናድርግ?

ኢማሞችና ዱዓቶች በአካባቢያቸው ሐይቅ ወይም ወንዝ ካለ ዓሣው በሚራባበት ወቅት አንድ ኹጥባ ቢመድቡለት መልካም ነው። የመርከቡ ሐዲስ፣ የዑመር (ረ.ዐ) ትእዛዝና የባሕር ዳሯ ከተማ ታሪክ በቂ መነሻ ናቸው።

የመድረሳ መምህራን የሱረቱ ሩምን አንቀጽ ሲያስተምሩ ልጆቹን ወደ አቅራቢያው ውኃ ወስደው ያሳዩ። ተማሪ ያየውን አይረሳም።

አጥማጅ ወንድሞቻችን በሕግ የተፈቀደ መረብ ይጠቀሙ፤ ጫጩት ሲያወጡ ይመልሱ፤ ብርብራም ሆነ ሌላ መርዝ አይበትኑ። የተከለከለ ወቅት ሲመጣ የሚደጎሙበት የቁጠባ ማኅበር በጀመዓ ቢቋቋም ሸክሙ ይቀላል። ይህ ከሶደቃ ምርጥ መንገዶች አንዱ ነው።

ገዢዎችም ድርሻ አለን። መዳፍ የማትሞላ ዓሣ ገበያ ላይ ስናይ ባንገዛ አጥማጁ አያወጣትም። በባሕረ ሰላጤው የምትኖሩም የአገሩን ሕግ ጠይቁ። ለምሳሌ በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ሳፊ እና ሸሪ የተባሉትን ዓሦች በሚራቡባቸው የማርችና የኤፕሪል ወራት ማጥመድና መሸጥ ሲከለከል ቆይቷል። በዚያ ወቅት በድብቅ ሲሸጥ ያገኙትን አለመግዛት የጀመዓን መብት መጠበቅ ነው።

በመጨረሻም፣ ባሕሩ ሲራቆት መጀመሪያ የሚራበው በታንኳ የሚያጠምደው ድኻ ነው፤ ቀጥሎም ልጆቹ። በሱረቱል አዕራፍ ታሪክ «ለምን ትመክሯቸዋላችሁ» ለተባሉት መካሪዎች የሰጡት መልስ፣ በጌታችን ዘንድ ምክንያት እንዲሆነንና ምናልባትም እንዲፈሩ ብለን ነው የሚል ነበር። እኛም ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለንም። አላህ (ሱ.ወ) የሰጠንን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።